ቼክ ኢንጂን መብራቴ ላይ ፕላስተር የለጠፈው መካኒክ

ዛሬ ከጎረቤላ ተሳፋሪ ጭኜ ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ ሚኒባሴ አቀበቱ መሃል ፀጥ አለችብኝ።

ጉሙ ፊት ለፊት አያሳይም። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ጎማ ሥር የድንጋይ ታኮ አደረጉልኝ። የታመመ ልጇን ሐኪም ቤት የምትወስድ እናት "ወንድሜ፣ ሳታስፈትሽ ነው እንዴ የጫንከን?" አለችኝ።

አስፈትሼ ነበር እኮ! ባለፈው ሳምንት የሞተር ብልሽት የሚጠቁመው ቼክ ኢንጂን መብራት ሲበራብኝ አንድ መካኒክ "ሴንሰሩን ቀይሬልሃለሁ፣ ይኸው መብራቱ ጠፋ" ብሎ ሸኝቶኛል።

ሞተሩ ሲበርድ ተነሳች። እያዘገምኩ ከተማ ገብቼ፣ ተሳፋሪዎቹን አውርጄ ሚኒባሷን ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት። በኮምፒውተር ሲታይ የተበላሸው የሞተሩን ዙር የሚለካው የክራንክ ሴንሰር ነው፤ ቀየርኩት ያለውን አሮጌ ንክች አላደረገውም! ዳሽቦርዱ ሲፈታ ደግሞ መብራቱ ላይ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል። (አለጣጠፉ ግን እጁ ይባረክ ያሰኛል።)

አሮጌውን ነቅለን፣ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር አመሳክረን ገዛን። በመልክ ብቻ ሴንሰር አይገዛም።

ደሜ ፈልቶ ያንን መካኒክ ሄጄ አፋጠጥኩት። ቅንጣት አልደነገጠም። "ሰው ሁሉ መብራቱ ሲጠፋለት መርቆኝ ነው የሚሄደው" አለኝ።

እኔም መርቄው ነበር።

እናንተስ እንዲህ ያለውን ስንቱን መርቃችሁ ወጣችሁ?