ጎረቤቴን በቁርቁራ ቅጠል የገደልኩ ለታ

ሸዋ ሮቢት ላይ ሰው ሁሉ ያልበዋል። ያላበው ሰው ደግሞ መታጠብ ይፈልጋል። እኔም ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ አራት ክፍል ሻወር ቤት አለኝ። ስንጋባ ባለቤቴ ነጋዴ ያገባች መስሏት ነበር፤ አሁን ግን "ባልሽ ሥራው ምንድነው?" ሲሏት "የሰው እድፍ ያወርዳል" ትላለች።

ደንበኞቼ የጭነት መኪና ሹፌሮች፣ ሽንኩርት ሲጭኑ የዋሉ የቀን ሠራተኞች፣ ከቀወት ገጠር ለገበያ የወጡ ገበሬዎች ናቸው። ትልቅ ጠርሙስ ሻምፖ ልግዛ የሚል የለም። ሁሉም የሚፈልገው ያችኑ ለአንድ ጊዜ የምትሆን፣ በትንሽ ላስቲክ የታሸገች ሻምፖ ነው። በሩ ላይ እንደ ጨሌ አንጠልጥዬ አንድ በአንድ እየበጠስኩ እሰጥ ነበር። ሰውዬው ጫፏን በጥርሱ ይቦጭቃል፣ እንትፍ ይላል፣ ይታጠባል፣ ላስቲኳን እዚያው ጥሎ እያፏጨ ይወጣል። እኔ በመጥረጊያ ወደ ቀዳዳው እገፋታለሁ። ከቀዳዳው ወዲያ ያለው ነገር የኔ ጉዳይ አይመስለኝም ነበር።

ከቀዳዳው ወዲያ ያለው ግን የጎረቤቴ ማሳ ነው። ጎረቤቴ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ስድሳን የተሻገሩ ሙስሊም ገበሬ ናቸው። ሻወር ቤቱን ስሠራ ውኃው የሚሄድበት ጠፍቶኝ ስንቆራጠጥ አይተው፣ "ወደኔ ልቀቀው፣ ፓፓያዬ ይጠጣዋል" ብለው በማሳቸው ጠርዝ ቦይ እንድቀድ የፈቀዱልኝ እሳቸው ናቸው። ያ ቦይ ከሌለ እኔ ሻወር ቤት የለኝም፤ አራት ክፍል ኩሬ ነው የሚኖረኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ፍየላቸው ሞተች። እርጉዝ ነበረች። ሆዷ ተነፍቶ፣ መብላት ትታ፣ ሁለት ቀን አቃስታ ነው የሞተችው። ምን እንደገደላት ለማየት ሆዷን ሲሰነጥቁት የሁለት ቡጢ የሚያህል የላስቲክ ድቡልቡል ወጣ። ፌስታልም ነበረበት፣ የማዳበሪያ ክርም ነበረበት። የበዛው ግን አረንጓዴ የሻምፖ ላስቲክ ነው። በዚያ ሰፈር አረንጓዴውን የምሸጥ እኔ ብቻ ነኝ።

አስጠሩኝ።

"ይኼን ታውቀዋለህ?" አሉኝ።

አፌ እንደ ልማዱ ቀደመኝ። "ለጸጉሯ ብላ ይሆናል እትዬ፤ መቼም ሴት ናት።"

ማንም አልሳቀም። ባለቤቴ ፊቷን አዞረች። በዕድሜዬ ብዙ መናኛ ቀልድ ቀልጃለሁ፤ እንደዚያች ያሳፈረችኝ ግን የለችም።

"ስማኝ" አሉ ረጋ ብለው። "ሁለት ወር ቆይቼ አዲስ የፓፓያ ችግኝ እተክላለሁ። የተከልኩ ለታ ቦዩን ከላይ እስከ ታች በእግሬ እሄድበታለሁ። ላስቲክህ አሁንም የሚፈስ ከሆነ አፉን በድንጋይ እደፍነዋለሁ። ውኃውን ጠልቼው አይደለም፣ በዚህ ቆላ ውኃ የሚጠላ የለም። ግን ሌላ ፍየል አልቀብርበትም።"

ከዚያን ቀን ወዲህ "እንደምን አደሩ እትዬ" ስላቸው፣ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ያልፋሉ። በደጉ ጊዜ ሰላምታችን ብቻውን ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ነበር።

መጀመሪያ የገላ ሳሙናው ላይ ዘመትኩ። እሱንም በየላስቲኩ የታሸገ ትንንሽ እሸጥ ነበር። አሁን ትልቁን ሳሙና ገዝቼ በክር እየቆረጥኩ፣ በልጆቼ አሮጌ ደብተር ወረቀት እየጠቀለልኩ መስጠት ጀመርኩ። ለደንበኛው ረከሰለት፤ ወረቀቱም ውኃ ሲነካው ይሟሟል። አንድ ሹፌር ታጥቦ ሲወጣ የሳሙናውን ወረቀት ዘርግቶ አሳየኝ።

"ጋሼ፣ ሒሳብ ከአስር ሦስት ያመጣው ልጅዎ ነው?"

"አይደለም" አልኩት። "እኔ ነኝ የሠራሁለት።"

በፕላስቲክ የጥርስ ብሩሽ ፋንታ መፋቂያ ደረደርኩ። እሱም ያለችግር ሄደ፤ ቆላ ሰው መፋቂያ አዲስ አይሆንበትም። ያቃተኝ ሻምፖው ነው። ትልቅ ጠርሙስ ገዝቼ በሰንሰለት ባስረው በሁለት ቀን አለቀ፤ አንዱ እንዲያውም ሸሚዙን አጥቦበት ወጣ። ቀጥዬ የልብስ ሳሙና ፍቄ፣ በሙቅ ውኃ በጥብጬ፣ የራሴን ሻምፖ ፈጠርኩ። መሞከሪያውም እኔው ሆንኩ። እንግዲህ እኔ መላጣ ነኝ። ከጆሮ እስከ ጆሮ የቀረችኝ እንደ አጥር የዞረች ጸጉር ብቻ ናት። ያቺኑ አጥር ባጥብ አናቴ ተቃጠለ፣ ዓይኔ በርበሬ ሆነ።

ባለቤቴ ፎጣ አቀበለችኝና፣ "አንተ ሰውዬ፣ ለመሆኑ እናትህ ሻምፖ አይታ ታውቃለች?" አለችኝ።

"የት አይታ!"

"ጸጉሯስ?"

"እስከ ወገቧ ነበር።"

"በምን ታጥባው ነው ታዲያ?"

በቁርቁራ ቅጠል ነዋ! ያ ልጆች ፍሬውን የሚለቅሙበት እሾሃም የቆላ ዛፍ። ቅጠሉ ደርቆ ይወቀጣል፣ በውኃ ሲመታ አረፋ ያወጣል፣ ፎረፎር ያጠፋል። እናቴ ስታጥብበት እያየሁ ነው ያደግኩት። እኔ ግን በሰንሰለት ጠርሙስ ሳስር ከረምኩ።

ችግሩ ደህና የቁርቁራ ዛፍ ያለው ጎረቤቴ ማሳ ውስጥ ነው። በምን ዓይኔ ልለምናቸው? ገበያ ሄጄ የተወቀጠውን ልገዛ ወሰንኩ። የገበያ ቀን ስለነበር ሮጥ ብዬ ልመለስ ብዬ፣ የተቃጠለ አናቴን በነጠላ ሸፍኜ፣ ዓይኔ እንደቀላ ወጣሁ።

ቅመማ ቅመም ከምትሸጥ አንዲት ሴትዮ ፊት ቆምኩ።

"እህቴ፣ የቁርቁራ ቅጠል ዱቄት አለሽ?"

ቀና ብላ ነጠላዬን አየች፣ ዓይኔን አየች። "አለ። ምን ያህል ልስፈርልህ?"

"ለአንድ ሰው ስንት ይበቃል? ቶሎ በይልኝማ፣ ቤት ሰው እየጠበቀኝ ነው።"

እጇ ቀጥ አለ። "የሻወር ቤቱ ሰውዬ አይደለህም? ከፓፓያዋ እትዬ ጎን ያለኸው?"

"አዎ፣ ጎረቤቴ ናቸው።"

"ኢናሊላሂ!" አለችና ደረቷን ያዘች። ከዚያ ይዤው የሄድኩትን ጣሳ እስከ አፉ ሞላችው። ብር ሳወጣ እጄን ገፋችው። "ለዚህ ብር አልቀበልም። አላህ ያጽናችሁ።"

እኔ ደግሞ መላጣዬ በነጠላው ውስጥ ታይቷት አዝናልኝ መስሎኝ፣ አመስግኜ ሮጥኩ።

ኋላ ነው የተገለጠልኝ። በሙስሊሞቹ ዘንድ ሬሳ የሚታጠበው የቁርቁራ ቅጠል በገባበት ውኃ ነው። ሴቶች ለጸጉራቸው ሲፈልጉ ቅጠሉን ራሳቸው ለቅመው ይወቅጡታል። ወንድ ልጅ እየሮጠ ገበያ ከመጣ ግን ቤት ውስጥ ሬሳ አለ ማለት ነው። በኛ አገር ደግሞ እስላሙ ሲሞት የሚላላከው ክርስቲያን ጎረቤቱ ነው፤ ክርስቲያኑም ሲሞት እንደዚያው። ይኼን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያን ለታ ግን ስለ አረፋ ብቻ ነበር የማስበው።

ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲቀዘቅዝ ዱቄቱን በቅል በጥብጬ አንዱ ክፍል ገባሁ። አረንጓዴ አረፋ ወጣ። አናቴ ቀዘቀዘልኝ። ደስ ብሎኝ እያንጎራጎርኩ እያለ ከጓሮ በኩል የልቅሶ ድምፅ ሰማሁ። ፎጣ አገልድሜ፣ የዱቄቱን ጣሳ በእጄ እንደያዝኩ፣ አረፋዬን እንደተሸከምኩ ወጣሁ።

የጎረቤቴ ደጅ በሰው ተሞልቷል። ወንዶቹ አካፋና ዶማ ይዘዋል። ከካራቆሬ በሚኒባስ የመጡት እህታቸው ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ። ጎረቤቴ ራሳቸው መኮትኮቻቸውን ይዘው ከማሳው ብቅ አሉና፣ "ማነው የሞተው? ልሂድና ልድረስ እንጂ!" አሉ።

አንድ ሽማግሌ፣ "ኧረ አንቺ ነሽ" አሏቸው።

"እኔ? ማነው ሞተች ያለኝ?"

"ቁርቁራ የገዛውን ጠይቂው!" አለ ከኋላ አንዱ። ጣት ሁሉ ወደኔ ዞረ።

ጎረቤቴ ቀስ ብለው መጥተው ፊቴ ቆሙ። "ፍየሌን ገደልክ፣ ዝም አልኩህ። አሁን ደግሞ እኔን?"

ቀልድ አልመጣልኝም። ሻወር ቤቴን በቁሜ የቀበርኩ መሰለኝ። "እትዬ፣ ይማሩኝ። ላስቲኩን ላስቀር ብዬ ነው። ቅጠሉን ከርስዎ ዛፍ ልለምን አፍሬ ነው ገበያ የሄድኩት። ለሻምፖ ነው። እኔው ላይ እየሞከርኩት ነበር።"

አናቴን አዩት። አረፋው በጆሮዬ እየወረደ ነው።

"ይቺን ምላጭ የማይይዛትን ጸጉር ልታጥብ ነው ይኼን ሁሉ አገር ያስነሳኸው?"

መጀመሪያ እህታቸው ነበሩ የሳቁት፣ እንባቸው ሳይደርቅ። ከዚያ መቃብር ሊቆፍሩ የመጡት። በመጨረሻ እሳቸውም አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው ሳቁ። ፍየሏ ከሞተች ወዲህ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። እህትየው ጣሳዬን ተቀብለው ዱቄቱን አሸት አሸት አደረጉና፣ "ይኼማ ፀሐይ የመታው ነው፤ ጥላ ላይ ነው የሚደርቀው" አሉ። ሴቶቹ ሁሉ አስተማሪዎቼ ሆኑ፤ አንዷ "በቀጭን ወንፊት ይነፋ" ስትል ሌላዋ "ከመመታቱ በፊት ይዘፍዘፍ" ትላለች። እኔ በፎጣ እንደቆምኩ ነው።

ሲበተኑ ጎረቤቴ ወደ ዛፉ ጠቆሙኝ። "ከታችኛው ቅርንጫፍ ልቀም፣ ጫፉን እንዳትነካብኝ። ቦዩን ግን አየዋለሁ፤ ቀልድ የለም።"

ሁለት ሳምንት ወቀጥኩ። መዳፌ ተላጠ። ሻምፖዎቹን ከበሩ ላይ አውርጄ፣ ዱቄቱን በቆርቆሮ አድርጌ፣ ለገባ ሰው ሁሉ አንድ ሲኒ እየሰፈርኩ በቅል በጥብጬ መስጠት ጀመርኩ። "ጋሼ፣ ጸጉሬን ጎመን ሊያደርጉት ነው?" ያለኝ አለ። ሽታ የለውም ብለው የቀሩብኝም አሉ፤ አልዋሽም፣ ቀርተዋል። ሌሎች ግን አናቴ ማሳከኩን ተወ እያሉ ተመለሱ፣ ከላስቲኩም ስለሚረክስ ጓደኛቸውን ይዘው መጡ። ከውጭ ላስቲክ ይዞ የሚመጣውን በር ላይ ቆሜ "ባዶውን ለኔ መልስ" እለዋለሁ። ካልመለሰ ሲገባ ያወለቀውን ጫማ አልሰጠውም።

የተከላው ቀን ደረሰ። ጎረቤቴ በማለዳ መጡ። ከቦዩ አፍ አጠገብ ድንጋይ ተከምሯል፤ ሲከምሩት ማታውኑ አይቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጎንበስ ብለው በእግራቸው ጀመሩ፣ እኔ ከኋላ። ቅጠል አገኙ። የዶሮ ላባ አገኙ። የሟሟ የደብተር ወረቀት በጣታቸው ነክተው አለፉ። ታች ጫፉ ላይ ደርሰው ለችግኝ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ግን ከጭቃው ውስጥ አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። ሳቡት። የሻምፖ ላስቲክ።

"ይኼስ?"

የድሮ ነው፣ የተቀበረ ነው፣ የሌላ ሰው ነው ማለት ይቻል ነበር።

"የኔ ነው፣ እትዬ" አልኩ። "ሰሞኑን የወጣ አይደለም፤ ግን የኔ ነው።"

ጭቃውን በአውራ ጣታቸው ጠርገው አዩት። "መሬት እንኳ መብላት አቅቷታል" አሉና እጄ ላይ አኖሩት። ከዚያ ወደ ድንጋዩ ክምር ሄዱ። አንዱን አነሱ። ተሸክመውት መጥተው ችግኙን ተክለው ሥሩን ደገፉበት። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንደዚያው።

"ምን ትገተራለህ?" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "ችግኙ ውኃ ይፈልጋል። ሂድ ግባና ታጠብ።"

ደንበኛ ገና አልመጣም ነበር። ገባሁ። የአራቱንም ክፍል ውኃ ከፍቼ አንዱ ውስጥ ቆምኩ። የቁርቁራው አረፋ ከአናቴ እየወረደ፣ በእግሬ መካከል አልፎ፣ በቀዳዳው ገባ።

"ደረሰ?" ብዬ በግድግዳው ጮህኩ።

"ገና ሁለተኛው ችግኝ ጋ ነው!" አሉ ከማሳው። "እግርህንም እሸው!"