ጆሮዋ የተሰነጠቀችው ግመል

ዛሬ ጠዋት ለሆህ፣ ያንን የሶማሌ ስስ እንጀራ፣ በሰሊጥ ዘይትና በስኳር ለእናቴ አቅርቤ ሻይ ልቀዳላት ስል «ላንቺ ሕልም አይቻለሁ» አለችኝ። ማንቆርቆሪያውን መልሼ አስቀመጥኩት። ይህን ቃል ከአፏ ከሰማሁ ሰባት ዓመት ሆኖኛል።

ያን ጊዜ ሃያ አልሞላኝም ነበር። እዚሁ ጅጅጋ፣ ገበያው ዳር ልብስ እሰፋ ነበር። አንዲት ጨርቅ ነጋዴ ሽንሌ ላይ ሱቅ ልትከፍት አስባ፣ የስፌት መኪናውንም ሱቁንም አንቺ ያዢልኝ አለችኝ። የራሴ ሰው የምሆንበት በር ተከፈተልኝ ማለት ነው። እናቴ ግን ከእኔ ሌላ ማንም የላትም።

ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ሰፈራችን ጭቃ ይሆንና ባጃጆቹ ይሰምጡ ነበር። ጾሙን ሙሉ ልሂድ ወይስ ልቅር እያልኩ እግዚአብሔርን ጠየቅኩት። ዝም አለኝ።

መጽሐፍ ቅዱስን ደግሞ ማንም ሳያስተምረኝ ብቻዬን ነው ያነበብኩት፤ ሲጋጭብኝ የሚያስታርቅልኝ ሰው አልነበረኝም። ሙሴን ሰው ከወዳጁ ጋር እንደሚያወራ ፊት ለፊት አነጋገረው ይላል፤ ትንሽ ወረድ ሲሉ ደግሞ ፊቴን አይቶ የሚኖር የለም ይላል። ይብስ ብሎ አንጀቴን የበላው ሳኦል ነው። አንዱ ቦታ ጠየቀ፣ በሕልምም በነቢይም አልተመለሰለትም ይላል። ሌላው ቦታ ደግሞ እግዚአብሔርን ስላልጠየቀ ሞተ ይላል። ታዲያ እኔስ ጠይቄ ጠይቄ፣ ኋላ አልጠየቀችም ልባል ነው?

ይህን ሁሉ ለእናቴ አዋየኋት። የምደብቃት ነገር አልነበረኝም። በማግስቱ «ልጄ፣ ላንቺ ሕልም አይቻለሁ፤ ላንቺ የዘገየው ለእኔ መጣ» አለችኝ። ነጭ ግመል፣ የግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ፣ የሽንሌ መንገድ ላይ ተንበርክካ፣ ጓዜን ይዤ ልለፍ ስል አንገቷን ዘርግታ ትከለክለኛለች። ጅጅጋ ያደገች ሴት ግመል ብታልም ምን ይገርማል? አመንኳት። ነጋዴዋም ሌላ ልጅ ወሰደች።

በዓመቱ ጎረቤታችን ኤዶ ሆዳን ደጃፏ ላይ ቁጭ ብለን ስለ ልጇ ታጫውተኛለች። ኤዶ የምንላት እንደ አክስት ስለምናያት ነው። ልጇን አምና፣ ከፍልሰታ በፊት፣ ጅቡቲ አትሂድ ብላ ለምናው ነበር።

«ሕልም አየሁ፣ ዋላሂ። ነጭ ግመል መንገዱ ላይ ተንበርክካ አላሳልፍም አለችው። የእናቴ ግመል ናት፣ በጆሮዋ አወቅኳት። እኛ ቤት ለምልክት ግራውን ነው የሚሰነጥቁት። ያኔውኑ ለእናትሽ ነግሬያታለሁ።»

«ልጅሽስ?» አልኳት።

«መቼ ሰምቶኝ። ሄደ፤ አሁን ሱቅ አለው» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ።

ቤት ስገባ ግን ሳቄ ጠፋ። ሱቁ ብቻ አይደለም ያቃጠለኝ። እናቴ አትሂጂብኝ ብትለኝ እቀርላት ነበር። እሷ ግን ዝም አለኝ ብዬ ባለቀስኩላት አምላክ ቦታ ገብታ፣ በጎረቤት ሕልም መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ የምጸልየውን ነግሬያት አላውቅም፤ ማወቄንም አልነገርኳትም።

የሳኦልን ነገር እስከ ዛሬ ማስታረቅ አልቻልኩም። ያ የፍልሰታ ዝምታ መልስ ይሁን አይሁን ግን ለእኔ የተተወ ነበር። እናቴ ጥቂት ብትታገሰኝ ምናልባት ይገባኝ ነበር።

«የማን ሕልም ነው፣ እማዬ?» አልኳት ዛሬ።

ከለሆሁ ቆረሰች። ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ «ይሄኛው የራሴ ነው» አለች።

ሻይዋን ቀዳሁላት። ምን እንዳየች ግን አልጠየቅኳትም።