ቢጫው ተረከዝ

የለንደን ጋዜጦች ሠዓሊውን ኢኖክ ታፕሊን «እንባ ሻጩ» ይሉት ነበር። ስሙን ያወጡለት ሊያሳፍሩት ነው። እሱ ግን አንዱን ጋዜጣ ቆርጦ ላምቤት ሰፈር ባለው የሥራ ክፍሉ በር ላይ ለጠፈው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲሥል የኖረው ጌታው የሞተበትን ውሻ፣ ባሏን ባሕር የበላባትን ሴት፣ የእናቱን ደብዳቤ የሚያነብ ወታደር ነው። አዋቂ ነን ባዮች ይስቁበታል። የሥዕሎቹ የታተመ ቅጂ ግን በየድሃው ቤት ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ ይህን አንድም ጋዜጣ ጽፎት አያውቅም።

አባቱ የሬሳ ሣጥን ሠሪ ነበሩ። ኢኖክ በልጅነቱ ሱቁ ጥግ ተቀምጦ ሣጥን ሊያዙ የሚመጡትን ሰዎች ሲያይ ነው ያደገው። ሰው ሐዘን ሲገባው እጁን የት እንደሚያደርገው እንደሚጠፋው ያየው እዚያ ነው። ስለዚህ «ሰው እንዲህ አያለቅስም» የሚል ሲገጥመው ከመጤፍ አይቆጥረውም ነበር። ሰውዬው ከቤቱ ሬሳ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው፣ ብሎ ያልፈዋል።

አንድ ነገር ግን ያሳፍረው ነበር። የሞተ ልጅ የሣለ ጊዜ ነጋዴዎቹ «ይህን ማን የምግብ ክፍሉ ውስጥ ይሰቅላል?» ስላሉት፣ ሁለት ጊዜ የሕፃን ጉንጭ አቅልቶ «እንቅልፍ» የሚል ስም ሰጥቶ ሸጧል።

ልብሱን የምታጥብለት ኬዛያ ሞፊት የምትባል የሰፈሩ ሴት ነበረች። ዶርካስ የምትባል ልጇ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ዘቢብ ያለበት ዳቦ እየተሰጣት ፊቱ ተቀምጣ ትሣልለት ነበር። መቀመጥ ከተባለ ነው እንጂ፣ አንድ ቦታ የምትረጋ ልጅ አልነበረችም። በሥዕል ሦስት ጊዜ የሞተች ልጅ ሆናለታለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ስቃ አበላሽታበታለች። በሰባት ዓመቷ፣ በየካቲት፣ ቀይ ትኩሳት ወሰዳት።

ኬዛያ ሠዓሊውን አስጠራችው። የልጇ ፎቶግራፍ የላትም፤ ሳትቀበር መልኳ እንዲቀርላት ፈለገች። ወረቀቱን ይዞ ሲገባ ኬዛያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የልጅቱን ካልሲ ትጥፍ ነበር። ካልሲው ግራጫ ነው፤ ቤት ውስጥ የተገኘው ክር ቢጫ ብቻ ነው።

«ቀዳዳ ለብሳ አትቀበርብኝም» አለች ቀና ሳትል። «ሰው ቢስቅም ይሳቅ።»

ታፕሊ እንዳየው ሣለው። እናቲቱን፣ መርፌውን፣ አንድ እግሯ ካልሲ ለብሶ የተኛችውን ዶርካስን፣ ተረከዟ ላይ ያለውን ቢጫ። ጉንጯን አላቀላውም። ሥዕሉን ለዓመቱ ታላቅ የሥዕል ትርዒት ሲልከው ኬዛያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። የማጠቢያው እንፋሎትና አመድ ዓይኗን አድክሞታል፤ እዚያ ደግሞ ሥዕል እስከ ጣሪያ እንደሚሰቀል ሰምታለች።

«ከታች ሆኜ ትታየኛለች?»

«ትታይዎታለች፣ ሚስስ ሞፊት። ቃሌ ነው።»

ሦስት ዓመት በተከታታይ ሥዕሎቹን ሲመልሱበት የነበሩት የትርዒቱ ሰዎች ዘንድሮ ተቀበሉት። ትርዒቱ ከመከፈቱ በፊት ሠዓሊዎች ብሩሽና ቫርኒሽ ይዘው ገብተው የተሰቀለ ሥራቸውን የመጨረሻ ጊዜ የሚነካኩበት ቀን አለ። ታፕሊ በዚያ ቀን ገብቶ የመጀመሪያውን ረድፍ አየ፣ ሁለተኛውን አየ፣ ሦስተኛውን አየ። ዶርካስን ያገኛት ከመንገዱ መግቢያ ትይዩ ካለው የውስጥ በር በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ነው። ከወለሉ ሲያዩት ሥዕሉ ቡናማ ጥላ ብቻ ነው።

የትኛው ሥዕል የት እንደሚሰቀል ከሚወስኑት አንዱ፣ ላዮኔል ፋርቀር፣ መጣ። ጉም የሚሥል፣ ጉም ውስጥም ሰው የማያስገባ የሠላሳ ሁለት ዓመት ጎልማሳ ነው።

«ሚስተር ታፕሊ፣ አንድ ሰው ከታችኛው ረድፍ ሥዕሉን አውጥቷል። ቦታው ለእርስዎ ሊሆን ይችላል» አለ። «መጋረጃ ሥለው ልጅቱን ይሸፍኗት። ሴትዮዋ መስኮት አጠገብ ስትሰፋ ትቅር። ብርሃኑ ግሩም ነው፤ ሬሳው ነው ያበላሸው።»

ታፕሊ ባዶውን ቦታ አየው። ከሰው ዓይን ትክክል ነው። ኬዛያ እዚያ ብትቆም ሁሉንም አጥርታ ታያለች፤ ከልጇ በቀር።

«ሬሳው ስም አለው» አለ። «ዶርካስ ሞፊት። አሁን መሰላል አምጡልኝ።»

ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱም ያመዋል። ጥርሱን ነክሶ ወጣ። ላይ ሲደርስ ቢጫው ተረከዝ የአውራ ጣት ጥፍር እንኳ አያክልም። ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነክሮ ያሰፋው ጀመር፤ ብርቱካን እስኪያክል አሰፋው። ከታች ሠዓሊዎቹ ተሰበሰቡ።

«ታፕሊ፣ የልጅቱ እግር አበጠ እኮ!» አለ አንዱ።

«ሰናፍጭ ነው የሚቀባት» አለ ሌላው።

ታፕሊ ሳይዞር፣ «ከዚያ ሆነህ ይታይሃል?» አለ።

«ይታየኛል ወይ? ዓይኔን ወጋው እንጂ!»

«በል፣ ደግ» ብሎ አንድ ጊዜ ደገመበት።

በማግስቱ ጋዜጣው ሽማግሌው እግር መሣል ረሳ ብሎ ጻፈ። ታፕሊ ይህንንም ቆርጦ በሩ ላይ ለጠፈው።

ትርዒቱ በተከፈተ በሳምንቱ ኬዛያ የእሑድ ቆቧን አድርጋ መጣች። ፋርቀር ከውስጡ በር ፊት ለፊት ቆሞ ያንን ቢጫ ለእንግዶቹ በጣቱ እያሳየ ያስቃቸው ነበር። ኬዛያ አጠገቡ ቆማ ቀና አለች። ቆቧ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ አላቃናችውም።

«ግራጫ ክር አልነበረኝም፣ ጌታዬ» አለችው።

ፋርቀር የተሰነጣጠቀውን እጇን አየ፤ ከዚያ ሥዕሉ ላይ መርፌ የያዘውን እጅ አየ። ጣቱን ቀስ ብሎ አወረደ።

ታፕሊ ከኋላ መጣ። አገጩ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እንባ ሻጭ የተባለ ሰው ይህን የሚደብቅበት ምክንያት የለውም።

«ታየችዎት?» አላት።

«ገና ከመንገዱ ማዶ» አለች ኬዛያ። «የመንገዱ በር ክፍት ነበር።»