አየነው የመረጠው የጭስ ፍሬን

ፋራህ አዲሱን ጎታች መኪና ከበርበራ ወደብ አውጥቶ ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር ሰፈር ወዳለው ጋራዡ ሲያስገባ፣ የሰፈሩ ሰው ሊያይ ወጣ። ከፍርስራሿ ገና ቀና እያለች ለነበረችው ሀርጌሳ፣ ቀለሙ ያልተጫረ የናፍጣ መኪና ብርቅ ነበር። ፋራህ ፍየል አሳርዶ ሰደቃ አበላ፤ ሽማግሌዎችም ዱዓ አደረጉ። መካኒኩ አየነው ብቻ ጥግ ይዞ ቴምር ያላምጣል። ዕለቱ ረቡዕ ነው፣ ይጾማል። ጾም ባይሆንም ክርስቲያን ነውና ያንን ሥጋ አይቀምስም።

«ዛሬም ጾም?» አለው ሹፌሩ ኢጋል፣ አጥንት እየጋጠ። «ወላሂ ሆድህ ፍቺ ቢጠይቅህ አልፈርድበትም!»

«አንተ ብቻ ብላ» አለ አየነው። «ለሁለታችንም የሚበቃ ሆድ ሰጥቶሃል።»

ሳቁ። ፋራህና ኢጋል ድሬዳዋ ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ ከአየነው ጋር በአማርኛ ይጫወታሉ፣ በአማርኛ ይሰዳደባሉ። አየነው የደብረ ሲና ልጅ ነው። ወታደራዊ ካሚዮን ሲነዳ ኖሮ፣ ሠራዊቱ ሲበተን ሚስቱን ይመኙሻልን ይዞ በእግሩ ድንበር ተሻገረ። ሀርጌሳ ሲገባ ማንም አላወቀውም፤ ፋራህ ግን ቁልፍ በእጁ ሰጥቶ «ሥራ» አለው። አየነው ያቺን ቀን በጸሎቱ ውስጥ ሳያነሳት ውሎ አያድርም።

ከሰደቃው በኋላ ፋራህ ሁለት ብረቶች ጆንያ ላይ አስቀመጠና አየነውን ጠራው።

«መኪናዋ የጭስ ፍሬን የላትም። ከነዚህ አንዱን እንገጥማለን። ጣርማ በርን ስትወጣ ስትወርድ የኖርክ አንተ ነህ፤ ምረጥ።»

የጭስ ፍሬን ማለት ጭስ ማውጫው ላይ የሚገጠም ክዳን ነው። ቁልቁለት ላይ ሲዘጋ ሞተሩ ትንፋሹ ይታፈንና መኪናውን ራሱ ይይዛል። የጎማው ፍሬን አይግልም፣ አይቃጠልም። ማርሹ ዜሮ ከሆነ ግን ሞተርና ጎማ አይተዋወቁም፤ ክዳኑ ቢዘጋ ባይዘጋ ለጎማው ምኑም አይደለም።

አንደኛው ካርቶኑ ያልተቀደደ አዲስ ነበር፤ እግር ሥር ያለች ቁልፍ ስትረገጥ በንፋስ ይዘጋል። ሁለተኛው ከተሰባበረ ወታደራዊ መኪና የተፈታ አሮጌ ነው። በእጅ ሲጎተት በሽቦ ገመድ ይዘጋል፣ ናፍጣውንም አብሮ ይቆርጣል።

አየነው ሁለቱንም ደጋግሞ አገላበጠ። ወደ በርበራ የሚወርደው መንገድ፣ ከኋላ የሚጎተተው ከባድ መኪና፣ ጣርማ በር ገደል ውስጥ የቀሩት ጓደኞቹ ሁሉ ፊቱ መጡ።

«አሮጌው ይሁን» አለ በመጨረሻ። «የጎማውም ፍሬን በንፋስ ነው። ይህንንም በንፋስ ካደረግነው ሁለቱን ከአንድ ጡት አጠባናቸው ማለት ነው። ጡቱ የደረቀ ቀን ሁለቱም ይሞታሉ።»

ኢጋል ጮኸ። «አንድ እጄ መሪ ላይ፣ አንድ እጄ ማርሽ ላይ! ሦስተኛ እጅ ከየት ላምጣ? ሻምሶን ከጎኔ ላስቀምጥና እሷ ትጎትትልኝ?» ሻምሶ ሚስቱ ናት። «እኔ በእግር የሚረገጠውን ነው የምፈልገው!»

ፋራህ አዲሱን ካርቶን በዓይኑ እየዳበሰ ቆየ። አንጀቱ ያለው እሱ ጋ ነበር። «የአየነው ይሁን» አለ ግን። «ከጠፋም በአንተ ነው፣ አየነው።»

«ግድ የለም ጋሼ፣ በእኔ ይሁን።»

ገጠመው። ፈተነው። ኢጋልን ጎኑ አስቀምጦ ለመነው፦ «አደራህን፣ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዜሮ እንዳታደርግ።» የሀርጌሳ ሹፌር ቁልቁለት ባየ ቁጥር ማርሹን ዜሮ አድርጎ መንሸራተት ልማዱ ነው፤ ናፍጣ በጀሪካን እየተለቀመ በሚመጣበት አገር ይህ እንደ ብልኃት ይቆጠራል። ኢጋል «ኢንሻአላህ» አለ። አየነው ይህ ቃል ስንት ዓይነት ትርጉም እንዳለው ያውቃል። ያኔ የሰማው ግን የሚያሳርፈውን ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ተኩስ ተጀመረ። መጀመሪያ ሰው «ያልፋል» አለ። ከዚያ መድፉ ወደ ሰፈሮቹ ተጠጋ፤ ከአንድ ጦርነት አመድ የተነሣው ከተማ ፍራሹን ጠቅልሎ እንደገና ወጣ። ወንድም ወንድሙን የሚሸሽበት ጊዜ ሆነ።

ይመኙሻል ጋአን ሊባህ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። አሠሪዎቿ በሌሊት ሸሽተው ስለነበር አየነው ሲደርስ ሆዷን ይዛ በረንዳ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኛት። ከብዙ ዓመት ስለት በኋላ አርግዛለች፤ ሆዷ ገፍቷል። ሕዝቡ የሚጎርፈው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ድንበሩ ነው። አየነው ግን የፈረሰው ሠራዊት ወታደር ነውና ያን ድንበር ይፈራዋል። እሷም በእግሯ የትም አትደርስም። የቀራቸው መንገድ በርበራ ነበር፤ በርበራ ሐኪም አለ፣ የፋራህም ዘመዶች አሉ።

ፋራህ ሞተሩ የተቃጠለ አንድ አውቶቡስ ነበረው። ጎረቤቱን አሳፈረበትና ከጎታቹ ጋር በብረት ዘንግ አሠረው። የተረፈውን ናፍጣ ከበርሜል አስቀድቶ ለኢጋል ሰጠ። ኢጋል የናፍጣ ጋኑን አንኳኩቶ ትንሽነቱን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

ሻምሶ አልተሳፈረችም። እናቷ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ታማ ተኝታለች፤ እሷን ሳትይዝ አልሄድም አለች። «እመለሳለሁ» አላት ኢጋል። «ሕዝቡን አራግፌ በዚህችው ናፍጣ እመለስና ሁለታችሁንም እወስዳለሁ።»

ጎታቹን ኢጋል ያዘ። አየነው የሞተውን አውቶቡስ መሪ ጨበጠ፤ የሚጎተት መኪናም መሪውን የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል። ይመኙሻል ከኋላው ተቀመጠች። ከጎኗ ጀማሉዲን የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ መንገዱን በሙሉ መቁጠሪያቸውን እየገፉ ያጽናኗታል።

«ልጅሽ ባሕር ዳር ይወለዳል፤ ዓሣ ነጋዴ ነው የሚሆን።»

«መካኒክ ካልሆነ ይበቃኛል፣ አባባ» አለች። ባሏ በመስተዋቱ አይቷት ፈገግ አለ።

ዓይኑ ከመንገዱ፣ ጆሮው ከፊቱ ካለው ሞተር ነበር። በመጀመሪያው ቁልቁለት ኢጋል እጀታውን ጎተተ፤ ጭስ ማውጫው ታፍኖ እንደ በሬ አጉረመረመ፤ መኪናው ተያዘ። አየነው አማተበ። ሁለተኛውንም እንዲሁ ወረዱ። እውነትም ደግ ፍሬን ነበር።

ሦስተኛው ከሁሉም ረጅሙ ነበር፤ ታችኛው ኩርባ ከላይ አይታይም። አናቱ ላይ ሲደርሱ አየነው ያን ማጉረምረም ጠበቀ። አልመጣም። የሞተሩ ድምፅ ላላ፣ ቀለለ፣ እንደሚያንቀላፋ ሰው ሆነ። ከአፍታ በኋላ ነፋስ ብቻ ቀረ።

ዜሮ አድርጎታል።

«ኢጋል!» ብሎ ጮኸ፣ እንደማይሰማው እያወቀ። ክላክሱን ደበደበ፤ አውቶቡሱ የሞተ ነውና ክላክስም የለውም። ፍጥነቱ ጨመረ። ኢጋልም ፍጥነቱን ሲያይ ደንግጦ እጀታውን ጎተተ። ክዳኑ ተዘጋ፣ ናፍጣው ተቆረጠ፣ ሥራ ፈት የነበረው ሞተር ጠፋ። ከሞተሩ ጋር ንፋስ የሚሞላው ጠፋ። ኢጋል የጎማውን ፍሬን ደጋግሞ ረገጠ፤ በረገጠ ቁጥር ንፋሱ አለቀ። ማርሹን ሊያስገባ ሲታገል የጥርሶቹ ፍጭት እስከ አውቶቡሱ ተሰማ።

አየነው የአውቶቡሱን የእጅ ፍሬን በሁለት እጁ ወደ ላይ ሳበ። ጎማው ጨሰ። ኩርባው ደረሰ። በቀኝ ገደል፣ በግራ የተቆረጠ ዓለት ነው። ኢጋል ወደ ግራ ጠመዘዘ፤ ዓለቱን በራሱ በር በኩል፣ በራሱ ጎን ተቀበለው። አውቶቡሱም ከኋላው ሄዶ ተላተመ።

አቧራው ሲወርድ ጀማሉዲን ግንባራቸው ከፊታቸው ባለው ብረት ላይ አርፎ ነበር። መቁጠሪያቸው ተበጥሷል። ይመኙሻል ሆዷን አቅፋ ወለል ላይ ተቀምጣለች። «ደህና ነኝ» አለች፤ ፊቷ ግን እንደዚያ አላለም። ሌላው ሰው ቆስሎም ቢሆን ተርፏል።

አየነው እየተንገዳገደ ጎታቹ ላይ ወጣ። ኢጋል አይተነፍስም። የጭስ ፍሬኑን እጀታ እስከ መጨረሻው ጎትቶታል፤ ጣቶቹ አልለቀቁትም። የማርሹ ዱላ ዜሮ ላይ ቆሟል።

ከላይ፣ ከቁልቁለቱ አናት፣ አቧራ ተነሣ። ቤተሰቡን በትንሽ መኪና ይዞ ከኋላ የሚከተለው ፋራህ ነው።

አየነው ያቺን ዱላ አያት። ለምን ዜሮ እንዳደረጋት ገባው፤ ናፍጣው ለሻምሶ መመለሻ እንዲተርፍ ነው። በዚህ ጎሣ ከጎሣ በሚተላለቅበት ሰሞን ደግሞ ጀማሉዲን ከኢጋል ወገን አይደሉም። «ሹፌሩ በልማዱ ገደላቸው» ከተባለ ደሙ ወደ ኢጋል ወገን ይዞራል፤ ከወገኑ ሁሉ ቅርቧ ሻምሶ ናት። እሱን፣ አየነውን፣ ማን ደም ይጠይቀዋል? ጎሣ የለው፣ ወገን የለው። የእሱ ጥፋት የእሱ ብቻ ነው።

በሟቹ እግር ላይ ጎንበስ ብሎ ፍሪሲዮኑን በእጁ ተጫነና ዱላውን ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ አስገባው።

ቀና ሲል ይመኙሻል በበሩ ቆማ ታየዋለች።

ፋራህ ደረሰ። «ኢና ሊላሂ!» ብሎ ራሱን ያዘ። ካለቀሰ በኋላ ወደ ውስጥ አየ። ማርሹን አየ፣ የተጎተተውን እጀታ አየ።

«ማርሽ ውስጥ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ጎትቶታልም። ምስኪን፣ ያልከውን ሁሉ አድርጓል። አየነው፣ የከዳው ፍሬን አንተ የመረጥከው ነው።»

«አዎ፣ ጋሼ። እኔ የመረጥኩት ነው።»

በአፉ አልዋሸም። እጁ ግን ዋሽቷል፤ እግዚአብሔር ደግሞ የእጅንም ቃል ይሰማል።

ሽማግሌዎች ተሰብስበው «የአላህ ውሳኔ ነው፤ ይህ እንግዳ አያውቅም ነበር» ብለው የጀማሉዲንን ደም በይቅርታ ዘጉት። ሰው ልከው ሻምሶንና እናቷንም አወጡ። ሻምሶ የአየነውን ፊት አየችና ወደ መሬት ተፋች። ፋራህ ቁልፉን ተቀበለው፤ አልሰደበውም፣ ያም ከስድብ ባሰ።

ይመኙሻል በርበራ፣ በፋራህ ዘመዶች ጓሮ፣ ያለ ወሯ አማጠች። ወንድ ነበር። አላለቀሰም። ቄስ በሌለበት አገር፣ ሳይጠመቅ፣ ስም ሳይወጣለት፣ አየነው በእጁ ቆፍሮ አሸዋ ውስጥ አኖረው። የዳዊቱን መዝሙር ሊደግም ጀመረና መሐሉ ላይ ጠፋበት፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቀው መዝሙር።

«ለሞተ ሰው ስም ስትል ስምህን ሰጠህ» አለችው ይመኙሻል ከፍራሿ ሳትነሣ። «እሺ። ለልጄስ ምን ልበለው? አባትህ የመረጠው ነው የገደለህ፣ ልበለው?»

አንዳንዴ ሌሊት እሱም ራሱን ይጠይቃል። እጀታው ናፍጣ ባይቆርጥ፣ ሞተሩ ባይጠፋ፣ ለኢጋል በእግሩ የሚረግጠውን ቢሰጠው ኖሮስ? ዱላዋን ማንቀሳቀሱስ ምናልባት ውሸት አልነበረም ይሆን? ይህን የሚነግረው ሰው በምድር ላይ የለም።

ጦርነቱ ሲበርድ ወደ ሀርጌሳ ተመለሱ። አሁን አየነው ጅግጅጋ ያር ጎማ ይለጥፋል፤ ፍሬን የሚነካ ሥራ ሲመጣ «ወደ ሌላ ጋ ውሰደው» ይላል። ሻምሶ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ትሸጣለች። አየነው ሲያልፍ ፊቷን ታዞራለች፤ ለመንገደኛውም «ባሌን ያስገደለ ያ ነው» ብላ በአገጯ ታመለክታለች።

ይመኙሻል በየጠዋቱ መንገዱን ተሻግራ ከሻምሶ ሻይ ትገዛለች። ሁለቱ ሴቶች ስለ ስኳር መወደድ፣ ስለ ሻምሶ እናት ጉልበት ያወራሉ። አንዳንዴ ሻምሶ «ወንድ ማለት ኢጋል ነበር፤ እስከ መጨረሻው እጀታውን ይዞ» ስትል፣ ይመኙሻል ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ትሰማለች።

«እውነትሽን ነው» ትላለች። ከዚያ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ለባሏ ይዛለት ትሻገራለች።