በእህቴ እግር ላይ የተለጠፈው ውሃ

ታላቅ እህቴ ቢቸና መናኸሪያ በር ላይ ሳምቡሳ ስትጠብስ ዘይቱ እግሯ ላይ ተገለበጠ። ከቃጠሎው ይልቅ ያስመረራት ፋሻው ነበር። ቁስሉ ላይ ይደርቅና ሲነሳ አዲሱን ቆዳ ይዞት ይመጣል። በመጨረሻ ቀጠሮዋን ተወችው። እግሯ መሽተት ሲጀምር ለምኜም ተቆጥቼም ሞጣ ሆስፒታል ወሰድኳት።

ከደቡብ ተመድባ የመጣች ነርስ ቁስሉን አጥባ፣ ውሃ ውስጥ ያደረ የተልባ ልጋግ የመሰለ ስስ ነገር ለጠፈችበት። አብዛኛው ውሃ ነው አለችን። ውሃ እንዴት አድርጎ ቆዳ ይይዛል? ከጠርዙ ቆርጣ የጣለችውን ቁራጭ ለምኜ ተቀበልኳት። ስንመለስ ቁራጯን አውቶቡሱ መስኮት ላይ ለጠፍኳት፤ ያዘች። ስስባት ተለጠጠች እንጂ አልለቀቀችም። ከሃይላንዴ ውሃ ጠብ ሳደርግባት ግን ቆይታ አበጠችና ራሷ ተንሸራታ መዳፌ ላይ አረፈች። ጠፈፍ ስትል መልሳ ያዘች። የምትይዘው ሲጠማት ነው ማለት ነው? ስትጠግብ ትለቃለች?

እህቴ በጎሪጥ ታየኛለች። የያዘ ነገር ሁሉ ሲለቅ ቦጭቆ ነው፣ ዳግመኛ ሞጣ አልሄድም አለችኝ።

የሩፋኤል ዕለት ዝናብ ጣለ። ሰፈሩ እንደ ልማዱ ወጥቶ ተጠመቀበት። ነርሷ ውሃ እንዳይነካው ብላ ነበር፤ እህቴ ግን ያን ዝናብ ጸበል እንጂ ውሃ ብላ አልቆጠረችውም። እስክትበሰብስ ቆመችበት። ስትገባ ልጥፉ እግሯ ላይ የለም። ጫማዋ ውስጥ አብጦ አገኘነው። ቆዳዬ አብሮ ሄደ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ አንተ እይልኝ አለችኝ።

ጎንበስ አልኩ። ስስ፣ ሮዝ የመሰለ ቆዳ፤ የደም ጠብታ እንኳ የለበትም።

«ቆዳሽ አለ» አልኳት።

ቀስ ብላ ዞረች። «ሩፋኤል ነው።»

«ውሃ ጠጥቶ ነው የለቀቀሽ፣ እታለም።»

«ውሃውንስ ማን ላከው፣ አንተ ፈላስፋ?»

በማግስቱ ከእኔ ቀድማ ለመንገድ ተዘጋጀች። ሞጣ ላይ ነርሷ አብዝታ ተቆጣቻት፤ የዝናብ ውሃ ቁስል ያመረቅዛል፣ ልጥፉን መነሻው ሲደርስ እኔ ራሴ በንጹሕ ውሃ አርሼ አነሳዋለሁ አለቻት። እህቴ ቁጣውን እስኪያልቅ ሰማችና፣ ማንም ሳይይዛት እግሯን ለአዲሱ ልጥፍ ዘረጋች።