ያልተረጎምኩት ጥያቄ

የእህቴ ልጅ እንቁላሏን አስቀዝቅዛ እንዳታስቀምጥ የመከርኳት እኔ ነኝ ይላሉ ዘመዶቻችን ዛሬ ማታ። ስህተት ነው። አልመከርኳትም፤ ጭራሽ አልነገርኳትም።

ከአዲስ አበባ እኔ ወዳለሁበት ስዊድን በመጣች በዓመቷ ካንሰር ተገኘባት። ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ሐኪሙ፣ "መድኃኒቱ ሊያመክናት ይችላል፤ ኋላ እንድትወልድ አስቀድመን ከእንቁላል ዕጢዋ ቁራጭ ወስደን እናቀዝቅዝላት?" ሲል አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

ላላገባች ልጅ ይህን ማንሳት ነውር መሰለኝ። ለእሷ "ትድኛለሽ ይልሻል" አልኳት፤ ለእሱ "አትፈልግም" አልኩት። ተማሪ ሳለሁ በትርጉም ትምህርት አንድ ቃል ብዘል በአለንጋ እገረፍ ነበር።

ድና፣ አግብታ፣ ዛሬ ከባሏ ጋር ሄደን መውለድ እንደማትችል ተነገራት። መዝገቧን አሁን በለመደችው ስዊድንኛ ራሷ አነበበችው፤ "አትፈልግም" ይላል።

"እቴቴ፣ መቼ ነው አልፈልግም ያልኩት?"

ባሏ ግን እምቢ ያለችው ራሷ መስሎት በቁጣ ያየው እሷን ነበር።

ለዘመድ ያስተረጎማችሁ፣ እናንተስ ምን አስቀራችሁ? ጻፉ።

ነገ መጀመሪያ ወደሚኖሩበት ሃግሴትራ ሄጄ በራቸውን አንኳኳለሁ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለባሏ እነግረዋለሁ። ከዚያ እሷ ውጪልኝ ካለችኝ እወጣለሁ።