እንግዶች የመጡበት የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ

ሮማነወርቅ ሀብተወልድ ቀበና ተወልዳ ቀበና ያደገች፣ ከእንጦጦ ግርጌ ሳትርቅ የኖረች የፊዚክስ አስተማሪ ናት። የካ ውስጥ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተማረች፣ እዚያው ተቀጠረች፣ እዚያው ፀጉሯ ሸበተ። ተማሪዎቿ «ሚስ» ይሏታል። ሳታገባ መቅረቷን ስለሚያውቁ አይደለም፤ ለእነሱ ሴት አስተማሪ ሁሉ፣ ሰባት የወለደችም ብትሆን፣ ሚስ ናት።

ለብዙ ዓመት ያስተማረችው እሷ በተማረችበት መንገድ ነበር። ትገባለች፣ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ትሞላለች፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ትወጣለች። ግማሹ ያልፋል፣ ግማሹ ይወድቃል። እሷም ልጆቹ ሰነፎች ስለሆኑ ነው ብላ አምና ትኖር ነበር። እውነቱን ለመናገር ማን ያላመነ አለ? በመምህራን ክበብ ሻይ እየጠጣ «የዘንድሮ ተማሪ!» ብሎ ያላማረረ አስተማሪ ካለ ይምጣና ልየው።

አንድ ዓመት ግን ውጤት በተለጠፈ ማግስት የግቢው በር ላይ ፍራሻቸውን ጠቅልለው ታክሲ የሚጠብቁ ልጆች አየች። የተባረሩ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ እሷው የጣለችው ልጅ፣ ጎንበስ ብሎ «ደህና ይሁኑ ሚስ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አላት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ያ ምስጋና እንቅልፍ ነሳት።

ዩኒቨርሲቲው የማስተማር ዘዴያቸውን ማሻሻል ለሚፈልጉ መምህራን የሚሰጣት አነስተኛ ድጋፍ አለች። ሁሉም «ግራንቷ» ይላታል። ለምርምር ከሚሰጠው ጋር ስትተያይ ፍርፋሪ ስለሆነች የሚሻማባት የለም። ሮማነወርቅ አመለከተች። ሐሳቧ አጭር ነበር፦ ከአዳራሹ ተማሪ አርባውን ለብቻ ስጡኝ፣ ወንበሩ መሬት ላይ ያልተበየደበት ክፍል ስጡኝ፣ እኔ ዝም ልበልና እነሱ ይናገሩ። ተፈቀደላት። ለሙከራ የሚሆን ሳንቃ፣ ፑሊ፣ ሚዛን ተገዛ።

ልጆቹ ግን አልተናገሩም። በቡድን ሁኑ ስትላቸው መጀመሪያ ያደረጉት ሰብሳቢና ፀሐፊ መምረጥ ነበር፤ አገሩ ያስተማራቸው ይኸንኑ ነው። ከዚያ ሰብሳቢው ሠራ፣ ፀሐፊው ጻፈ፣ የተቀሩት ስማቸውን አስገብተው ስልካቸውን ይነካኩ ጀመር። በዚያ ላይ ውይይቱ በእንግሊዝኛ ነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። እሷ ዝም ስትል እነሱም ዝም አሉ። ተስፋ ልትቆርጥ ምንም አልቀራት።

በመጨረሻ የውሃ ጄሪካን የተጫነ የእጅ ጋሪ ተከራየችና ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው ዳገት አወጣቻቸው። «መግፋት ይቀላል ወይስ መጎተት?» አለቻቸው። ዳገቱ እያስለከለካቸው በእንግሊዝኛ ማሰብ የቻለ አልነበረም። ሱፊያን፣ የነጋዴ ልጅ፣ በግል ትምህርት ቤት ተምሮ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ የሚጠጣው፣ «ያው ነው፤ ጉልበቱ አንድ ነው» አለ በአማርኛ።

«ያው አይደለም!» አለ አንድ የሴት ድምፅ።

ሁሉም ዞረው አዩ። ዳርቱ ነበረች። ከእንጦጦ ጀርባ ከሱሉልታ ገጠር የመጣች፣ በኦሮምኛ የተማረች፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ነጥቧ ወርዶ ዋርኒንግ ላይ ያለች ልጅ ናት። አሁንም ከወደቀች ተሰናባች ናት። ሮማነወርቅ ድምጿን ሰምታው አታውቅም።

«ስትገፋው እኮ ወደ መሬት ትጫነዋለህ» አለችው ዳርቱ ለሱፊያን፣ አማርኛዋ ከኦሮምኛ እየተቀላቀለ። «ስትጎትተው ደግሞ ከመሬቱ ታቃልለዋለህ። እጅህ ወዴት እንደሚያዘነብል እስቲ እየው!»

ሱፊያን እጁን አየ። ገፋ፣ ጎተተ፣ እንደገና ገፋ። «ወይኔ፣ እውነቷን ነው!» ብሎ ሳቀ። ሮማነወርቅ መንገድ ዳር ቆማ አፏን በእጇ ያዘች። ይህን ነገር ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ቀስት እየሳለች ስትደክም ኖራለች! አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ ገበያ ሆነ። ባማርኛ ይከራከራሉ፣ በኦሮምኛ ይሟገታሉ፣ እንግሊዝኛውን ለስያሜና ለፈተና ያስቀሩታል። ሮማነወርቅ ዝም አለቻቸው። ደንቡን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ አውቃ ነው። ዳርቱ የመጀመሪያውን ፈተና አለፈች፤ ከማለፍም አልፋ ሌሎቹን ታስረዳ ጀመር። በዚያ ሰሞን ሮማነወርቅ ሥራ ስትገባ ዳገቱ አልታወቃትም።

ጉዱ የመጣው ግራንቷ የምትታደስበት ጊዜ ሲደርስ ነው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በርናባስ ቢሮው ጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከበላይም ከበታችም የሚጮሁበት ምስኪን ነው።

«ሮማንዬ፣ ሐሙስ ታዛቢዎች ይመጣሉ» አላት። «ግራንቷን የሚያድሱት ዶክተር ጸሐዬ ራሳቸው ናቸው። ካላደሱልሽ አርባዎቹ ተመልሰው አዳራሽ ይገባሉ፤ እኔ ላድንሽ አልችልም። አደራሽን ቋንቋውን! ልጆቹ ባማርኛ ነው የሚማሩት የሚል ወሬ ደርሷቸዋል።»

«በገባቸው ቋንቋ ቢከራከሩ ምን ቸገራቸው? ፈተናውን በእንግሊዝኛ ይሠሩ የለም እንዴ?»

«እሱን ለእኔ አትንገሪኝ። አንድ ቀን ነው፤ አንድ ቀን ተሸከሚው።»

አንድ ቀን። ሮማነወርቅ ይህቺን ቃል ይዛ ወጣች። አዳራሹን አሰበች፤ ሁለት መቶ ተማሪ፣ የሚንጫረር ድምፅ ማጉያ፣ የማይነቀል ወንበር። ዳርቱን እዚያ ውስጥ አስቀምጣ አሰበቻት። በዚያ ዓመት የግቢው በር ላይ ካየቻቸው ልጆች ጋር ደምራ አየቻት። ክፍሏን ለማዳን የማታደርገው ነገር አልነበረም። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን የተለየ ነገር አደርግ ነበር ብዬ አልኮራም።

እሮብ ዕለት ተማሪዎቿን ለመነቻቸው። «ልጆቼ፣ ነገ በእንግሊዝኛ ብቻ። ይህ ክፍል እንዲቀጥል ከፈለጋችሁ።»

ዳርቱ እጇን አወጣች። «ሚስ፣ እንግሊዝኛው ካልመጣልኝስ?»

«ካልመጣልሽ ዝም በይ። አንድ ቀን ነው።»

ሐሙስ ዶክተር ጸሐዬ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ሮማነወርቅ ሳንቃውን አዘነበለችና እንጨቱን አስቀመጠችበት። ጥያቄዋ ይህ ነበር፦ ሳንቃው ባዘነበለ ቁጥር እንጨቱ ለምን በቀላሉ ይንሸራተታል? ልጆቹ በየቡድናቸው ሆነው ተንሾካሾኩ። የሚናገር ጠፋ። እንግዶቹ ሰዓታቸውን አዩ።

ያን ጊዜ ዳርቱ ብድግ አለች። እንግዶቹንም፣ ልመናውንም ረስታዋለች፤ የገባው ሰው ፊት ነበራት። «ሚስ፣ ክብደቱ አይደለም እኮ የሚቀንሰው! ክብደቱማ ያው ነው፣ ሳንቃውን የሚጫንበት ነው...»

የሮማነወርቅ እጅ ሳታዘው ተነሳ። «ኢን ኢንግሊሽ፣ ፕሊስ» አለች፣ ድምጿ እሷ ካሰበችው በላይ ከርሮ።

ዳርቱ ቆመች። «ዘ ዌይት...» አለች። «ዘ ዌይት ኢዝ ኖት...» ቃሉ አልመጣም። ከእንግዶቹ አንዱ በአዘኔታ ፈገግ አለ፤ ከተማሪው መካከል አንዱ ፊክ ብሎ ሳቀ። ዳርቱ ፊቷ ፍም መስሎ ተቀመጠች።

ሱፊያን ሊያድናት ይሁን አስተማሪዋን ሊያድን እሱም አያውቀውም፣ ተነሳ። ባማረ እንግሊዝኛ፣ ሳንቃው ሲያዘነብል የእንጨቱ ክብደት እየቀነሰ ስለሚሄድ ነው ብሎ አብራራ። ስህተት ነው። የአንድ ነገር ክብደት ሳንቃ ስላዘነበለ አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ሳንቃውን የሚጫንበት ጉልበት ነው፤ ዳርቱ ልትል የነበረው ይኸንኑ ነበር። ዶክተር ጸሐዬ ግን፣ የሌላ ሙያ ሰው ናቸው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ። ክፍሉ በሙሉ ወደ ሮማነወርቅ አየ።

አሁን ብታርመው ለምን፣ እንዴት ይባላል፤ ክርክር ይነሳል፤ ክርክሩ ደግሞ ባማርኛ ይፈነዳል። ይህን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ አሰበችው።

«ቬሪ ጉድ» አለች።

ግራንቷ ሰኞ ታደሰች። በርናባስ ኮሪደር ላይ እየሮጠ መጥቶ አቀፋት። «ዶክተሩ ለሌሎች ኮሌጆች አርአያ የሚሆን ክፍል ነው ብለዋል!» አላት። ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። ቅዳሜና እሁድን እህል አልወረደላትም ነበር፤ እሁድ እንጦጦ ማርያም ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጣ ቅዳሴው ሲያልቅ እንኳ አላወቀችውም።

በዚያው ሰኞ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋችው። «ሐሙስ ዕለት የተሳሳተ ነገር ሳላርም አልፌአለሁ» አለች። «ዛሬ እንደ ድሮው በፈለጋችሁት ቋንቋ እንነጋገራለን። ዳርቱ፣ የጀመርሽውን ጨርሺልን። ሳንቃው ሲያዘነብል የእንጨቱ ክብደት ምን ይሆናል?»

ዳርቱ ቀስ ብላ ተነሳች። ደብተሯን ገለጠች፣ በጣቷ ፈለገች፣ አገኘችው።

«ይቀንሳል» አለች።

«አይደለም እኮ ዳርቱ። አንቺ ያልሽው ሌላ ነው፤ አንቺ ያልሽው ነው ልኩ።»

«ሚስ፣ እሱ ነው ትክክሉ። እርስዎ ቬሪ ጉድ ብለው የለ? እኔ ተሳስቼ ነው፤ ይቅርታ።»

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት! ክብደቱ አይቀንስም!» ብላ ጮኸች ሮማነወርቅ።

የሚቃወም ቀርቶ ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ዳርቱ ተቀመጠች። የቀደመውን መልስ በጥንቃቄ ሰረዘችና ከስሩ «አይቀንስም» ብላ ጻፈች። ሱፊያንም ጻፈ። አርባውም አቀርቅረው ጻፉ፣ ጽፈውም ሲጨርሱ እስክሪብቷቸውን እንደያዙ ቀጥሎ የምትለውን ጠበቁ።